ፕሮሞሽን፣ እድገት፣ ሹመት፡ ወደ ላይ ስለሚያዩ ቃላት

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ደብዳቤ ደረሰው፡፡ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፡፡ ከመስኮት ወዲህና ወዲያ «እንኳን ደስ አለህ!»፣ «ፕሮሞሽንህን እንዴት አየኸው?»፣ «በሚቀጥለው ፕሮሞሽን ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ያድርግህ!» የሚለው ድምፅ ደራ፡፡ በዚያች ሰዓት በእኔ መስኮት ፊት ለፊት የቆሙት አንድ አረጋዊ የድጓ መምህር ነበሩ፡፡ ከተማ የሚኖር ልጃቸው የላከላቸውን ጥቂት ብር ሊያወጡ መጥተው ነው፡፡ የቁጠባ ደብተራቸውን እያገላበጥሁ ሳለ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ይህ ፕሮሞሽን የምትሉት ምንድን ነው?» አሉኝ፡፡

«እድገት ነው፣ የኔታ» አልኋቸው፡፡

ባልደረባዬን አሻግረው ተመለከቱት፡፡ መለሎ ነው፤ የሁለት ልጆችም አባት ነው፡፡

«ታዲያ ይህ ልጅ እስከ ዛሬ አላደገም ኖሯል?»

የሰማ ሁሉ ሳቀ፡፡ እኔም ሳቅሁ፡፡ ማታ ቤቴ ገብቼ ብዕሬን ሳነሣ ግን ሳቁ ለቆኝ ጥያቄው ብቻ ቀረ፡፡ ቀን ቀን ቁጥር፣ ማታ ማታ ቃል ስቆጥር የምኖር ሰው ነኝና፣ ሒሳቡ አልገጥም ያለኝን ነገር ሳላጣራ እንቅልፍ አይወስደኝም፡፡ ይህችን ጽሑፍ የወለደው ያ ጥያቄ ነው፡፡

ወደ ገደለው ልግባ፡፡ ፕሮሞሽን የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ነው፡፡ «ፕሮ» ወደ ፊት፣ «ሞቬሬ» ማንቀሳቀስ፤ ተጋጥመው ወደ ፊት ማራመድ ማለት ናቸው፡፡ ልብ በሉ፤ በቃሉ አጥንት ውስጥ «ላይ» የሚባል ነገር የለም፡፡ ያለው «ፊት» ነው፡፡ የቼዝ ጨዋታ የሚያውቅ ይህን በቶሎ ይረዳዋል፡፡ በሰሌዳው ላይ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ወታደር አንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብቻ እየተራመደ፣ ሳይበላ መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሰ ንግሥት ሊሆን ይችላል፡፡ እንግሊዞች ይህንንም ፕሮሞሽን ይሉታል፡፡ ወታደሩ አልወጣም፣ አልበረረም፤ መንገዱን ጨረሰ እንጂ፡፡

ቃሉ በዚያው በእንግሊዝኛ ብዙ ልጆች ወልዷል፡፡ ሠራተኛ በማዕረግ ከፍ ሲል ፕሮሞሽን ነው፡፡ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ፕሮሞሽን ነው፡፡ የእግር ኳስ ክለብ ከታችኛው ሊግ ወደ ላይኛው ሲሻገር ፕሮሞሽን ነው፡፡ ሸቀጥን በማስታወቂያና በቅናሽ ማስተዋወቅም ፕሮሞሽን ነው፤ ጤናን ማበልጸግም እንዲሁ፡፡ እነዚህን ሁሉ የሚያዛምዳቸው ያ ወደ ፊት መግፋት ነው፡፡

ወደ እኛ ሀገር ሲመጣ ቃሉ ሻንጣውን ግማሽ ግማሽ አራገፈ፡፡ በየቢሮው «ፕሮሞሽን» የደረጃና የደመወዝ ነገር ሆነ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ደግሞ ማስታወቂያ ሆነ፡፡ ትምህርት ቤት ግን አልተሸነፈም፡፡ በልጅነታችን ሰኔ መጨረሻ ላይ የተቀበልነው ካርድ ላይ የተጻፈው «ወደ ሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል» የሚል ነበር፡፡ ተዛወረ! እንዴት ያለ ትሑት ቃል ነው! ልጁ አደገ አላለም፣ ተሾመ አላለም፤ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ሄደ ነው ያለው፡፡ ያን ካርድ ያዘጋጀው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ልጅን የሚያሳድገው ካርድ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፡፡

ስፖርት ጋዜጠኞቻችን ክለቡን «ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ» ይሉታል፡፡ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚህም አልፎ «የደረጃ እድገት» ይላል፡፡ እዚህ ላይ ነው የየኔታ ጥያቄ የሚነሣው፡፡

አደገ የሚለው ግስ በአማርኛችን የማን ነው? የሕፃን ነው፡፡ የጥጃና የቡቃያ ነው፡፡ ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚሆን፣ ማንም በትእዛዝ ሊያፋጥነው ለማይችል ነገር የተሰጠ ቃል ነው፡፡ ከዚህ ግስ «አሳደገ» ይወጣል፤ ከአሳደገ ደግሞ «አሳዳጊ»፡፡ ከስድቦቻችን ሁሉ ክፉው «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ነው፡፡ ጥፋቱን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ባሳደጉት ላይ ይጥለዋል፤ አሳዳጊ የሌለው እድገት የለም ይለናል፡፡ ከምርቃቶቻችን ሁሉ የጣፈጠውም ከዚሁ ግስ የወጣው ነው፤ እግር አጥቦ ወይም ውኃ አቅርቦ ቀና ላለ ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ!» ይባላል፡፡ ምርቃት ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም፤ የመዝገብ ቁጥርም ግልባጭም የለውም፡፡

ከውጭ ለሚሰጠው ከፍታ ግን አባቶቻችን ሌላ ቃል ነበራቸው፤ ሹመት፡፡ ሹመት ሿሚ አለው፣ ሻሪም አለው፡፡ ስለዚህ ነው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት የተተረተበት፡፡ ተረቱ መጥፎ ምክር ነው፤ እውነቱ ግን አይካድም፤ የተሰጠ ነገር ይወሰዳል፡፡ ያደገ ልጅ ተመልሶ አያንስም፤ የተሾመ ሰው ግን ይሻራል፡፡ «ሹመት ያዳብር» የሚለውን የደስታ መግለጫችንንም ተመልከቱ፡፡ እንዲዳብር የሚመኙለት ገና ያልዳበረ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው፡፡ ሹመቱ ዘሩ ነው፤ ማዳበሩ ከተሿሚው ይጠበቃል፡፡

የጥንቱ ማዕረግ ደግሞ ስሙ ሥራውን ይናገር ነበር፡፡ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ የሚያዘምት ነው፡፡ ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት ፊት የሚሄድ ነው፡፡ ደጃዝማች ስሙ ከደጅ የተነሣ ነው፡፡ ላቲኑ «ወደ ፊት» ያለው ነገር በእኛ ፊታውራሪ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፡፡ ሆኖም ከሁሉ ፊት የሚሄደው ፊታውራሪ በማዕረግ ከደጃዝማቹ በታች ነበር፡፡ ፊት መሄድና ላይ መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያውቅ ቋንቋ ነበረን ማለት ነው፡፡

ሌሎችም አሉ፡፡ ማሣ ይለመልማል፣ ሰብል ይጎመራል፣ ሕፃን ይፋፋል፣ ትዳር ይደረጃል፣ ነጋዴ ይበለጽጋል፣ ስም ይገናል፣ ዋጋ ይንራል፣ አንገቱን የደፋ ቀና ይላል፡፡ እያንዳንዱ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር የራሱ መሰላል አለው፡፡ «ጨመረ» ደግሞ ከሁሉም የዋሁ ነው፤ ክፉም ደግም አይልም፤ ትናንት ያልነበረ ዛሬ ተደረበ ብሎ ይመሰክራል እንጂ፡፡

አሁን ወደ አካባቢዬ ልመለስ፡፡ የምኖረው ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቀና ብሎ በሚታይበት በጋይንት ምድር ነው፡፡ የየኔታም ሀገር ቤተ ልሔም እዚሁ ጋይንት ውስጥ ናት፡፡ ቤተ ልሔምን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪ አይገኝም፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናትና፡፡ በዜማው ስልትም ቆማ፣ አጫብር እንደሚባለው ሁሉ ቤተ ልሔም የራሷ ስም አላት፡፡ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ እንደ ፈረንጆች በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ጽፏል፡፡ ከውጭ ሲያያት እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ የሣር ክዳን ነበረች፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በዚያ ክዳን ሥር የመካከለኛው ዘመን አራት ማዕዘን ሕንፃ ተሸፍኖ አገኘ፡፡ የዚህች ደብር ቁም ነገር ከጥንትም በውስጥ ነበር፡፡

በቤተ ልሔም ተማሪ እንዴት «ያድጋል»? የዓመት ካርድ የለም፡፡ ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ለምድ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ ለምኖ ሌት ተቀን ይጮኻል፡፡ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ድጓውን ተምሮ፣ በሌላ ደብር የተማረው እንኳ ለምስክር ወደዚህች ተራራ ይመጣል፡፡ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ የተሳሳተው ይታረማል፤ መጽሐፉም ይታረማል፡፡ በመጨረሻ የሚሰጠው ነገር ስሙ «ምስክር» ነው፡፡ አላሳደጉትም፣ መሰከሩለት እንጂ፡፡ እድገቱ ቀድሞ በጉሮሮውና በልቡ ተፈጽሟል፤ መምህሩ ያዩትን ይናገራሉ፡፡ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ጥቁር ካባ የምንለብስለት «ምረቃ»ም ቢሆን ትርጉሙ መባረክ እንደሆነ ከረሳነው ቆየን፡፡ የተመረቀ ማለት ምርቃት የተቀበለ ማለት ነው፡፡

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው፡፡ ተማሪው በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየሰፋ እየከበደ ሄዶ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል፡፡ ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት መወድስ የዘረፈ የለም፡፡ እኔ በማታ ስንኝ የምቋጥር ሰው ይህን ሳስብ አፍራለሁ፤ መወድሱን በአንድ ሌሊት የምመኝ ጉባኤ ቃና ነኝና፡፡

በዚያ ቀን ሰልፉ ሲቀንስ የኔታን፣ «በዜማ ወደ ላይ መውጣት ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፡፡ «ቅናት» አሉኝ፡፡ የያሬድ ዜማ ምልክቶች አሉት፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ደረት፤ ድርስና አንብርም ይጨመሩባቸዋል፡፡ በትውፊት እንደሚነገረው ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሠሯቸው የተድባበ ማርያም ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው፡፡ ድፋት ድምፁን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ቅናት ወደ ላይ ያነሣዋል፡፡ ደግሞም የኔታ አከሉ፤ «ድፋት የሌለው ቅናት ጩኸት ነው፤ ዜማ አይባልም፡፡»

ቅናት! ለድምፅ ከፍታ የተሰጠው ምልክትና በሰው ልብ ውስጥ የሚነድደው እሳት በአንድ ስም ይጠራሉ፡፡ ከጎናቸውም «ቀና አለ» አለ፣ «ሥራው ቀናው» አለ፣ «ይቅናህ» አለ፡፡ በጆሮ ሁሉም ጎረቤታሞች ናቸው፡፡ ባልደረባዬ ደብዳቤውን ሲያሳየኝ የተሰማኝ የትኛው ቅናት እንደነበር ለአንባቢ መደበቅ አልፈልግም፡፡ ዳቦውን ቆርሼ በልቻለሁ፣ ጀርባውንም መታ መታ አድርጌዋለሁ፤ ልቤ ግን ቀንቷል፡፡ በዚያው ማስታወቂያ እኔም ተወዳድሬ ነበርና፡፡ ስምንት ዓመት በአንድ መስኮት ተቀምጫለሁ፡፡ ለእርሱ «አደገ» ከተባለ ለእኔ የሚቀረው ቃል «አላደገም» ነው፡፡ የየኔታ ጥያቄ ያሳቀኝ በእርሱ፣ ያስተከዘኝ ግን በራሴ ነው፡፡

ክርክሬም ከዚህ ይጀምራል፡፡ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሥራ መደብና የደመወዝ እርከን ሊሰጥ ይችላል፤ እድገት ግን ሊሰጥ አይችልም፡፡ እድገት ብሎ ሲጠራው ግን ደብዳቤ ያልደረሰውን ሁሉ ሳያስበው ልጅ አደረገው፡፡ ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች መምህርት፣ ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስቆጠረች ሴት፣ በዚህ ቋንቋ ሒሳብ «እድገት ያላገኘች» ናት፡፡ ያሳደገቻቸው ግን ሐኪሞችና ዳኞች ሆነዋል፡፡ አሳዳጊን አላደገም የሚል ቃል አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቷል ማለት አይደለምን?

የቃሉ ብልሽት በግለሰብ አያበቃም፤ ሀገርም ይነካል፡፡ በ1967 ዓ.ም ተማሪና መምህር ወደ ገጠር የዘመተበት ዘመቻ «እድገት በኅብረት» ተባለ፡፡ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ያለው የአምስት ዓመት ዕቅድ «የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ» ተባለ፤ «ባለ ሁለት አሃዝ እድገት» የሚለው ሐረግም የዜና ማሟሻ ሆኖ ዓመታት ዘለቀ፡፡ በእነዚያ ዓመታት የተሠራውን መንገድና ትምህርት ቤት የምክድ ሰው አይደለሁም፡፡ የምለው ሌላ ነው፡፡ እድገት የሚለውን ቃል ለቁጥር ከሰጠነው በኋላ ለሰው የምንለው አጣን፡፡

በተቃራኒው ደግሞ ጨመረ መባል ያለበት ነገር ስሙን ይደብቃል፡፡ ደመወዝ ሲጨምር «ጭማሪ» ነው፤ በግልጽ ይነገራል፡፡ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ግን «የዋጋ ማስተካከያ» ነው፡፡ የመብራት ሲጨምር «የታሪፍ ማሻሻያ» ነው፡፡ ማስተካከል የተጣመመን ማቅናት ነው፤ ማሻሻል የተሻለ ማድረግ ነው፡፡ ለማን ተሻለ? ተብሎ እንዳይጠየቅ ቃሉ ቀድሞ መልሱን ይሰጣል፡፡

ከሙያዬ አንድ ምሳሌ ላንሣ፡፡ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ፤ በዚያው ሰሞን የብር ምንዛሪ በ15 በመቶ ዝቅ ተደረገ፡፡ አንድ እጅ ሲያነሣ ሌላው እጅ አወረደ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡ እንግዲህ 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው አስቡ፡፡ በ57 ሒሳብ 175 ዶላር ገደማ ነበረው፡፡ በ7 በመቶ ወለድ በዓመቱ 10,700 ብር ሆነለት፤ በ100 ሒሳብ 107 ዶላር ነው፡፡ ደብተሩ ላይ ጨምሯል፤ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው መድኃኒትና ማዳበሪያ ግን አንሷል፡፡ እኔ በመስኮቴ ያለሁት ሰው «ገንዘብዎ አድጓል» ልበለው? «ወለድ ተጨምሯል» ብዬ ዝም ማለትን መርጫለሁ፡፡ እውነቱ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነውና፡፡

ሌላም አለ፡፡ ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም በጦርነቱ ተይዛ ተቋማቷ ተዘርፈው ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አያውቅም፡፡ የተሰበረ በር ሲጠገን፣ የተዘጋ ቤት ሲከፈት፣ የሸሸ ሰው ሲመለስ፣ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፡፡ ይህም በሪፖርት «እድገት» ይባላል፡፡ አማርኛ ግን ለዚህ «አገገመ»፣ «አንሠራራ» የሚሉ ቃላት ሰጥቶናል፡፡ ከበሽታ የተነሣ ሰው አደገ አይባልም፤ አገገመ ይባላል፡፡ አገገመ ስንል በሽታውን አንክድም፤ አደገ ስንል ግን የወደቀበትን ቀን ከመዝገብ እንፍቀዋለን፡፡

«አንተ የባዕድ ቃል ጠላህ እንዴ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ አልጠላሁም፡፡ እንጀራዬን የምበላበት ቤት ስሙ ራሱ የውጭ ነው፤ ባንክ የሚለው ቃል የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም ሥራ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ከእኛ ጋር ኖሮ ዜጋ ሆኗል፡፡ ቃል መዋስ ነውር አይደለም፡፡ እንዲያውም «ፕሮሞሽን» ብሎ የሚናገር ሰው ከአንድ ነገር ድኗል፤ የሕፃኑንና የቡቃያውን ቃል አልነጠቀም፡፡ እኔን የሚያሳስበኝ የተዋስነው ቃል ሳይሆን ለዕዳው መክፈያ የሰጠነው የራሳችን ቃል ነው፡፡ ብድር የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል፤ ለአንዲት ፕሮሞሽን እድገትን የሚያህል ንብረት መያዣ አድርገን አስይዘናል፡፡

ታዲያ ምን እንበል? ሐሳቤ ቀላል ነው፡፡ ማዕረግ ለተሰጠው ሰው «ተሾመ» ወይም «ከፍ ያለ ደረጃ ተሰጠው» እንበል፤ ተሾመ ማለት የባላባት ዘመን ሽታ አለው ለሚል «ተዛወረ» የሚለው የትምህርት ቤታችን ቃል ይበቃል፡፡ ሸቀጥ ሲተዋወቅ «ማስተዋወቅ» እንበል፡፡ ዋጋ ሲጨምር «ጨመረ» እንበል፡፡ የታመመው ሲድን «አገገመ» እንበል፡፡ «አደገ» የሚለውን ግን ለሕፃናት፣ ለቡቃያና ከውስጡ ለተለወጠ ሰው እናቆየው፡፡ ባልደረባዬም ሊያድግ ይችላል፤ አዲሱ ወንበር ትዕግሥት ካስተማረው፣ ከበታቹ ያሉትን ማዳመጥ ከለመደ፣ ያን ጊዜ አደገ እንለዋለን፡፡ ደብዳቤው ግን ያንን አይመሰክርም፡፡

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ሁላችን እናውቃለን፡፡ ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሳለ፣ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ወደ መምህሩ ወደ ጌዴዎንም ተመለሰ፡፡ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው ለሰባተኛው ስንል ነው፡፡ እኔ ግን አሁን አሁን የምቆጥረው ስድስቱን ነው፡፡ ትሏ በስድስቱም ጊዜ ያው ትል ነበረች፤ ዛፉም ያው ዛፍ፡፡ በእነዚያ ስድስት ውድቀቶች ግን ከታች ሆኖ ያያት ልጅ አድጎ ነበር፡፡

የኔታ ብራቸውን ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲነሡ በሩን ልከፍትላቸው ወጣሁ፡፡ ደፋ ብዬ እጅ ስነሣቸው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «እደግ፣ ተመንደግ» አሉኝ፡፡ ዕድሜዬ ከሠላሳ ዓመት ዘልሏል፡፡ ወደ መስኮቴ ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ በዚያች ቀን ለእኔም የደረሰኝ ነገር ነበር፡፡

ወረቀት ከፍ አርጎኝ ወንበር ቢያቀርብልኝ፣
ትናንት የነበርሁት ዛሬም ያው እኔ ነኝ፡፡
ድምፄ ጎንበስ ብሎ ካልተማረ ድፋት፣
ከየት ይመጣልኛል የላይኛው ቅናት?
ደረጃ ሞልቶናል፣ መውጫም አይቸግር፤
እደግ የሚል አፍ ነው የጠፋው ከሀገር፡፡

ቸር ያሰንብተን፡፡